ጉዳዩ፦ በጳጉሜ ስለ መወለድ

«ለጽሕፈት ቤታችን ተገልጋዮችና ሠራተኞች በሙሉ። ለረጅም ዓመታት ሕዝብን ያለ አድልዎ ስታገለግል የቆየችው የመስኮት ቁጥር ሦስት ስቴፕለር፣ ከዛሬ ጀምሮ ለራሷ ደኅንነት ሲባል በሰንሰለት የታሰረች መሆኑን በአክብሮት እናስታውቃለን። ማንኛውም ተገልጋይ ወረቀቱን ይዞ ወደ ስቴፕለሯ ይቀርባል እንጂ ስቴፕለሯ ወደ እሱ እንድትመጣ መጠየቅ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ጽሕፈት ቤቱ።»

ማስታወቂያው ሁለት ቦታ ማኅተም አርፎበታል፤ አንዱ ፊርማው ላይ፣ ሌላው «በሰንሰለት» የሚለው ቃል ላይ፣ ሰው እንዳይጠራጠር። ከሥሩ፣ ግማሿ ተሸፍኖ፣ ሌላ ወረቀት ተለጥፋለች። ይቺኛዋ ማኅተም አልደረሳትም። ፊደሏም ደቃቃ ስለሆነ ሰው ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደግፎ ነው የሚያነባት። የምትለው ይህን ነው፦ ከልደታ ማርያም ጀርባ ያሉት የቀበሌ ቤቶች በዚህ ክረምት ይነሳሉ፤ ምትክ ቤት የሚያገኙ ነዋሪዎች ዝርዝር ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሲስተሙ ታትሞ ወደ ክፍለ ከተማ ይላካል፤ ሲስተሙ ላይ ስሙ የሌለ ሰው በዝርዝሩ አይገባም።

ዱሬሳ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ሲገባ የመጀመሪያዋን አንብቦ ሳቀ። ሁለተኛዋን ማንበብ አላስፈለገውም፤ ያተማት ራሱ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የመረጃ ባለሙያ ነው። ይህ ማለት ቀድሞ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ የነበረች በር የሌላት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ የሚጠራ፣ ዋይፋዩ ሲጠፋ የሚሰደብ፣ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ የነዋሪዎች መዝገብ የተቀመጠበትን ዳታቤዝ የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማረው ይህን የመጨረሻውን ነበር። ኮንትራቱ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል፤ ዛሬ ሰኔ አሥራ ስምንት ነው።

ጠዋት ቤት ውስጥ ያየው ነገር ግን ከሐሳቡ አልወጣለትም። አክስቱ፣ ወይዘሮ እንዳለች፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነጠላዋን ተከናንባ «ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጥታለች። ትናንትም እንደዚሁ ብላ ነበር፣ ከትናንት ወዲያም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚዘልቅ ቅዳሴ በሰኔ ወር መኖሩን አያውቅም። ከነጠላዋ ሥር ደግሞ የሰማያዊው ፕላስቲክ ፎልደር ጫፍ ብቅ ብሎ ነበር፤ የቤት ኪራይ ካርኒ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሚቀመጥበት ፎልደር። ማርያም ካርኒ አትጠይቅም። አየ፤ ማየቱን አየች። እንዳለች የአባቱ እህት ናት፤ እንደ ቤተሰቡ ልማድ «አዳዳ» ነው የሚላት። በአምስት ዓመቱ ከጊንጪ አምጥታ በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ያሳደገችው እሷ ናት። በዚያ ቤት ስለ ትልቅ ነገር አይወራም። ቤቱ ሊነሳ መሆኑ ከታወቀ ሁለት ወር አልፎታል፤ ሁለቱን ወር ያወሩት ስለ ቲማቲም ነው። «ቲማቲም መቶ ገባ» ትላለች፤ «ወይ ጉድ» ይላል፤ ሁለቱም ግድግዳውን ያያሉ።

ክፍሏ በር ስለሌላት መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ የሚባለው ሁሉ ወደ ዱሬሳ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ አይሰማውም። ጆሮም እንደ ኮት ነው፤ ቢሮ ሲገቡ አውልቆ መስቀል ይለመዳል። አራት ሰዓት ገደማ ግን የሚያውቀው ድምፅ መጣ።

«ስም?» አለች የመስኮቷ ሠራተኛ ሰሚራ።

«እንዳለች ቶሎሳ።»

ሰሚራ ጻፈች፣ ጠበቀች፣ ከንፈሯን ነከሰች። «የሉም።»

«እንዴት የለሁም? ይኸው ቆሜ የለ እንዴ!»

«መቆምዎንማ አያለሁ፣ እማማ። ሲስተሙ ላይ ነው የሌሉት። ትናንትም ነግሬዎታለሁ።»

«ትናንት ያልሽኝ ነገ ተመለሺ ነው።»

«ሲስተሙ ሐሳቡን ይቀይር እንደሆን ብዬ ነዋ!»

ሰልፉ ሳቀ። ከእንዳለች ኋላ የቆመው ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ብቻ አልሳቀም። ጋሽ ሁመድ ይባላል፤ እሱም ሦስተኛ ቀኑ ነው። «እኔም የለሁም ተብያለሁ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ሞቼ ከሆነ ንገሩኝ፤ እግሬን ላሳርፈው።»

ዱሬሳ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። አክስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ታሰረችው ስቴፕለር መለሰች፣ የማታውቀውን ሰው አይታ እንደምታልፍ ሴት። ያኔ ገባው። ሦስት ቀን ሙሉ እሱ ከተቀመጠበት ስምንት እርምጃ ላይ ተሰልፋ፣ ሰው ሲያስቀድማት እምቢ ብላ፣ ሲነግሯት ተመልሳ ሄዳ፣ ማታ ቤት ገብታ ስለ ቲማቲም አውርታዋለች።

«መታወቂያዎን ያሳዩኝ» አላት። በሃያ ሁለት ዓመት «እርስዎ» ሲላት ይህ መጀመሪያው ነው።

«እንካ፣ የኔ ልጅ» አለችው፣ ማንኛዋም እናት ለማንኛውም የቢሮ ልጅ እንደምትለው።

መታወቂያው ላይ የትውልድ ቀን፦ ጳጉሜ 3 ቀን 1951 ይላል።

ወደ ክፍሉ ተመልሶ የነዋሪዎችን ሠንጠረዥ ከፈተ። ነገሩ ለማያውቅ ሰው ያስፈራል እንጂ ቀላል ነው። ዓምዶቹ ጥያቄ ናቸው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የትውልድ ቀን። ረድፎቹ ሰዎች ናቸው። አዲስ ሰው የምታስገባዋ ትእዛዝ ኢንሰርት ትባላለች፤ አጭርና ትዕቢተኛ ትእዛዝ ናት። ሠንጠረዡን በስሙ ትጠራለች፣ ዓምዶቹን በአንድ ቅንፍ ትደረድራለች፣ ከዚያ በሌላ ቅንፍ ውስጥ ሰውየውን በሙሉ፣ ከነአባቱ ከነቤቱ፣ በጥቅስ ምልክት እያሰረች ታስቀምጠዋለች። ማሽኑ ከተስማማ «አንድ ረድፍ ተጨመረ» ይላል፤ ሰውየውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አለ። ካልተስማማ ሰውየው ሰማንያ ዓመት ኖሮ ቢሆን እንኳ አልተወለደም። ከሁለት ዓመት በፊት ጨረታ ያሸነፈ አንድ ድርጅት የወረዳውን የወረቀት መዝገብ አስጽፎ ወደ ዳታቤዙ ያስገባው በዚችው ትእዛዝ ነው። ዱሬሳ ድርጅቱ ትቶት የሄደውን ማኅደር ሲፈትሽ «ያልገቡ» የሚል ፋይል አገኘ። ከተፈጠረበት ቀን ወዲህ ማንም ከፍቶት አያውቅም።

ስድስት መቶ አርባ አንድ ሰው ውስጡ አለ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማሽኑ አንድ ዓይነት ቅሬታ ጽፏል፦ አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። ቀኖቹ የተጻፉት በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ዓምዱን የሠራው ሰው ግን የፈረንጅ ቀን ብቻ እንዲቀበል አድርጎ ነው የሠራው። በመስከረም የተወለደ ያለ ችግር ገብቷል፤ ወር አንድ ነውና ማሽኑ ጃንዋሪ መስሎት አሳልፎታል። በጳጉሜ የተወለደው ግን ወር አሥራ ሦስት ይዞ ሲመጣ ደጅ ቀርቷል። ከታች ደግሞ ጥቂት የጥቅምት ሠላሳ ልጆች አሉ፤ ማሽኑ ሁለተኛው ወር ሠላሳ ቀን የለውም ብሎ እነሱንም መልሷቸዋል። እንዳለች ቶሎሳ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ ናት። ሁመድ አሊ ከእሷ ትንሽ ዝቅ ብሎ አለ፤ ጳጉሜ አንድ።

ዱሬሳ ፋይሉን እስከ መጨረሻው ስም ወረደበት። ሰው በጦርነት ይጠፋል፣ በጎርፍ ይጠፋል። እነዚህ ግን የጠፉት አንድ ሰው ወር ስንት እንደሆነ ለመቁጠር ስለ ሰነፈ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉም በዚያች መስኮት «የሉም» ሲባሉ፣ እሱ ራሱ ስምንት እርምጃ ርቆ ፕሪንተር ሲጠግን ነበር። ስልኩን አንስቶ ሥራውን የሠራው ኢንጂነር ዮፍታሔ ጋ ደወለ። ዮፍታሔ ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ ውስጥ ነበር፤ የማኪያቶ ማሽን ከጀርባው ይጮኻል።

«ዘጠና ስምንት በመቶ ነው'ኮ የገባው፣ ወንድሜ! ርክክቡ ላይ ተጨብጭቦልናል።»

«የቀረው ሁለት በመቶ ሰው ነው።»

«ኤረር ነው እንጂ! ዓለም ላይ ወር አሥራ ሁለት ነው፣ ጀለሴ። እኛ አበዛነው፤ ማሽኑ ምን ያድርግ?»

«አሁን ምን ይሁኑ?»

«ነሐሴ ሠላሳ በላቸው። ማን ያያል?»

«መታወቂያቸው ጳጉሜ ይላል። መታወቂያና ሲስተም ካልተመሳሰለ መስኮቷ አታሳልፍም።»

«እንግዲያው መስከረም አንድ በላቸው። እንቁጣጣሽ ነው፤ ደስ ይላቸዋል።»

ዱሬሳ ስልኩን ሳይሰናበት ዘጋ። ዞር ሲል የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ወልደገብርኤል በር በሌለው በር ላይ ቆመዋል። ሰውየው ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ የሰርግ ጥሪ እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብለው ነው። በእጃቸው ግማሹ የተቀደደ ፖስታ ይዘዋል። ፖስታው ላይ ሦስት ስም ከነትውልድ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሦስቱም አንድ አያት አላቸው፤ የአቶ ወልደገብርኤል ባለቤት ደግሞ በዚያው አያት ነው የሚጠሩት።

«እነዚህን ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት አስገባልኝ። የሚነሱት ቤቶች ውስጥ ያሉ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በላቸው።»

ዱሬሳ ፖስታውን አነበበ። «ሦስተኛው የተወለደው በሰማንያ ሁለት ነው'ኮ።»

«እና?»

«ከመወለዱ አራት ዓመት ቀድሞ ልደታ ገብቷል።»

«ሲስተሙ ይቃወማል?»

አይቃወምም። ይህ ነው የሚያቃጥለው። ወሩ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ይሁን እንጂ፣ ሰው ሳይወለድ ቤት ቢከራይ ማሽኑ ጉዳዩ አይደለም። ዱሬሳ ይህን ዋጥ አድርጎ ስለ ስድስት መቶ አርባ አንዱ ሰው ነገራቸው። ስለ ፋይሉ፣ ስለ ወሩ፣ ዛሬ ከሚዘጋው ዝርዝር ስለሚቀሩት። አቶ ወልደገብርኤል በትዕግሥት አዳመጡ፤ አዳምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዱሬሳ፣ እኔ ለሕዝቡ ሁልጊዜ የምለውን ታውቃለህ። ሲስተሙ ላይ ያለ አለ፤ የሌለ የለም። ይሄ መርሕ ነው። አንዴ ከተናደ ሁሉም ሰው አለሁ ሊል ነው።»

«አሉ'ኮ! ሰልፍ ላይ ናቸው።»

«እንግዲያው እያንዳንዳቸው ለምን በጳጉሜ እንደተወለዱ የሚያብራራ ማመልከቻ ያስገቡ። ኮሚቴ ይቋቋምና ሐምሌ ላይ ያየዋል።»

«ዝርዝሩ ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

«ኮሚቴ አይቸኩልም» አሉና ፖስታውን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ለነገሩ በዚህ ቢሮ ሰው አስገብቶ ማውጣትም ቀላል አይደለም። ዓምና አንድ ነዋሪ በስሕተት ተሰርዞ ጋዜጠኛ ጠርቶ ስለመጣ አቶ ወልደገብርኤል ሰርኩላር ፈርመው ነበር፦ ከሲስተሙ ላይ አንድም ረድፍ ለማጥፋት የክፍለ ከተማ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ስለ መጨመር ሰርኩላሩ ዝም ብሏል። መጨመር የሚፈልጉት እሳቸው ነበሩና።

ሰሚራ መመሪያው ሲደርሳት ሁለት ጊዜ አስደገመች፤ ከዚያ በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ «በጳጉሜ የተወለዳችሁ! ለምን እንደተወለዳችሁ ማመልከቻ አጽፋችሁ ኑ!» ብላ ጮኸች። አንዲት ሴት «ለምን በጳጉሜ እንደተወለድን ነው ወይስ ለምን እንደተወለድን?» ብላ ጠየቀች። ሰሚራ ወረቀቱን አይታ «እሱን አያብራራም» አለች።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ዱሬሳ ወደ ፍርድ ቤቱ አቅጣጫ ሄደ። እዚያ የአስፋልቱ ዳር በጃንጥላ ጥላ ሥር ላፕቶፕ ከፍተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ከሁሉም የጋሽ ነስረዲን ጃንጥላ ዛሬ ተጨናንቋል፤ ሰዎቹ ከጃንጥላው ወጥተው እስከ ታክሲ መያዣው ተሰልፈዋል። አክስቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ተራዋ ደርሶ ነበር። ጎኗ ተቀመጠ። አልተጨባበጡም።

ጋሽ ነስረዲን መነጽሩን ወደ አፍንጫው አውርዶ ጻፈ፣ እየጻፈም ያነባል። «ጉዳዩ፦ በጳጉሜ ስለ መወለድ። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ አመልካች በጳጉሜ ወር የተወለድኩ ስሆን፣ ይህም የሆነው… ምክንያቱ ምን ይባል፣ እትዬ?»

«እናቴን ጠይቃት።»

«እናትዎ በሕይወት አሉ?»

«የሉም።»

«ሲስተሙ ላይ ነው ወይስ በእውነት?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ እንዳለችም ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ ነገረችው። የሩፋኤል ዕለት ነው የተወለድኩት አለች። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ የሩፋኤል ጠበል ነው ብለው ልጆች ደጅ ወጥተው በዝናቡ ሲታጠቡ፣ አዋላጇ እኔንም ገና እንደወጣሁ እጄን በመስኮት አውጥታ አስነክታኛለች። ክርስትና ስሜ ወለተ ሩፋኤል ነው። ይሄን ጻፍ። ጋሽ ነስረዲን ጻፈ። «…በመሆኑም ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ እየጠየቅሁ…» ሲል ግን እጇን ላፕቶፑ ላይ ጣል አደረገች።

«ይቅርታ የምትለዋን አውጣልኝ።»

«የደንቡ አጻጻፍ ነው፣ እትዬ። ለሁሉም ብያለሁ።»

«የኔን አውጣት። መቶ ሃምሳ ብር ከፍዬ ስለ መወለዴ ይቅርታ አልልም።»

አወጣላት። ማመልከቻው ከትንሿ ፕሪንተር ሲወጣ ዱሬሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ፊት እያየ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ምኑን?»

«የመጀመሪያ ቀን ማታ ብትነግሪኝ፣ አዳዳ፣ በሁለት ደቂቃ አስገባሽ ነበር።»

«እሱን ፈርቼ ነዋ!» አለች። ማመልከቻውን ለሁለት አጥፋ ፎልደሩ ውስጥ አስገባች። «ከፊቴም ከኋላዬም ሰው አለ። ሁሉም ቢሮ ውስጥ ልጅ አለው? ያ ሽማግሌ ማን አለው?» በድልድዩ ላይ የሚሄደው የከተማ ባቡር እስኪያልፍ ጠበቀች። «ቲማቲም ዛሬም መቶ ነው አሉ» አለችና ተነስታ ወደ ሰልፏ ሄደች።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ወልደገብርኤል ዱሬሳን ወደ ላይ አስጠሩት። የጥበቃው ሰው ነግሯቸዋል፤ ልደታ ውስጥ ማን የማን አክስት እንደሆነች የማያውቅ ሲስተሙ ብቻ ነው። ወንበር ሳቡለት፤ ይህ በሦስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

«አክስትህ ናት አሉኝ። ለምን አትናገርም? እኛ'ኮ ቤተሰብ ነን። እነዚያን ሦስቱን ስታስገባ እሷን አራተኛ አድርጋት፤ አንድ ረድፍ ማን ይቆጥራል። የቀረውን ለኮሚቴው ተወው። ኮንትራትህንም ሰኔ ሠላሳ ሳይሆን ነገውኑ አድስልሃለሁ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ አክስቶችህ ናቸው?» አሉና ለራሳቸው ቀልድ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ሳያልቅ ጨመሩበት። «ካልሆነ ግን ዘመዱን ሊያስገባ ሲስተሙን ነካክቷል ተብሎ የሚጻፍ ነገር አለ። ባይጻፍ ደስ ይለኛል።»

ዱሬሳ ደረጃውን ሲወርድ ፈርቶም ተናድዶም ነበር። የበዛው ግን ንዴቱ ነው። ሰውየው ያቀረቡለት ነገር ክፉ ነገር አልመሰላቸውም፤ ደግነት ነው የመሰላቸው። ለካስ በዚህ ቤት ደግነት ማለት አንድ ሰው በኋላ በር አስገብቶ ስድስት መቶ አርባውን በፊት በር ማባረር ነው! አክስቱ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የቆመችው ይህችን ደግነት ላለመቀበል ነው። እሷን ብቻ ቢያስገባ ደግሞ ማታ ቤት ሲገባ ምን ይላታል? ስለ ቲማቲም እንኳ ማውራት አይቻልም።

ቁጭ ብሎ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ የሠንጠረዡን ቅጂ በሌላ ቦታ አስቀመጠ፤ አራት ዓመት የተማረ ሰው ነው። ከዚያ የትውልድ ቀን የሚለውን ዓምድ ከፍቶ ከፈረንጅ ቀንነት ወደ ተራ ጽሑፍነት ቀየረው። ጽሑፍ ሆዱ ሰፊ ነው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያስደነግጠውም። ዮፍታሔ ቢያይ ፀጉሩን ይነጭ ነበር። ቀጥሎ «ያልገቡ» የሚለውን ፋይል ከላይ እስከ ታች፣ ስም በስም፣ በመጋዘን ካሉት የወረቀት ቅጾች ቁጥር ጋር አስተያየ። የጎደለ ሲያገኝ ሰሚራን «ቅጽ አራት ሺህ ሃያ ሰባትን እይልኝ» ይላታል፤ ሰሚራ ለምን ሳትል መጋዘን ገብታ አቧራ እያስነጠሳት «አለ፣ ጳጉሜ አምስት!» ብላ ትመልስለታለች። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ትእዛዟ ተጽፋ አለቀች። ኢንሰርት፤ ሠንጠረዡ፤ ዓምዶቹ፤ ከዚያ ቅንፍ በቅንፍ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ፣ ገጹ ወደ ታች እየተንሸራተተ አያልቅም። እንዳለችን ከተራዋ አላስዘለላትም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ ቅንፍ ውስጥ ናት፤ ከፊቷም ከኋላዋም ሰው አለ። እንተር የሚለውን ተጫነ።

ማሽኑ ትንሽ አሰበ። «641 ረድፎች ተጨመሩ» አለ።

የቀረው የአቶ ወልደገብርኤል ፖስታ ነበር። አንድ ባዶ የማመልከቻ ቅጽ አነሳና ጉዳዩ በሚለው ቦታ «ከመወለድ አራት ዓመት ቀድሞ ልደታ ስለ መግባት» ብሎ ጻፈ። ወደ መስኮት ቁጥር ሦስት ሄደ። ስቴፕለሯ ወደ እሱ አትመጣምና ወረቀቱን ይዞ ቀረባት፤ ሰንሰለቷ እያንኳኳ ቅጹንና ፖስታውን አንድ ላይ ሰፋቻቸው። «ለኮሚቴው» የሚለው ሣጥን ውስጥ፣ ከጳጉሜ ማመልከቻዎች ሥር፣ በተራው ከተተው።

ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ታትሞ ወጣ፤ ቅጂው በዚያችው ደቂቃ ወደ ክፍለ ከተማ ሄደ። ከስድስት መቶ አርባ አንዱ ሰው የሚነሱት ቤቶች ውስጥ የሚኖሩት ሠላሳ ስምንት ነበሩ። ሰሚራ አንዷን ቅጂ ግድግዳው ላይ፣ የስቴፕለሯን ማስታወቂያ ከልላ ለጠፈቻትና ስም መጥራት ጀመረች። ጋሽ ሁመድ ስሙን ሲሰማ «ሁለተኛ ጥሪው» አለ። ጠራችለት። «አንዴም ድገሚው» አለ። እንዳለች የራሷን አንድ ጊዜ ብቻ ሰማች። ፎልደሩን ከፍታ ማመልከቻዋን አወጣች፣ ሩፋኤልና ዝናቡ ያሉበትን፣ አየችው፣ መልሳ አስገባችው። መቶ ሃምሳ ብር ወጥቶበታል።

አቶ ወልደገብርኤል ስልክ ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወረዱ። በስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ ይጮኻል። የተለጠፈውን ዝርዝር በጣታቸው ወረዱበት፣ ወጡበት።

«ሰሚራ፣ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የታሉ?»

ሰሚራ ስሞቹን ተቀብላ ጻፈች፣ ጠበቀች፣ ከንፈሯን ነከሰች። «የሉም» አለች። «ሲስተሙ ላይ የሌለ ደግሞ…» ብላ ጀመረችና ዓይናቸውን ስታይ ተወችው። ከሰልፉ መሀል የሆነ ሰው ጨረሰላት፤ «የለም!»

«እነዚህ ሁሉ ደግሞ ከየት የመጡ ናቸው? አጥፋቸው! አሁኑኑ አጥፋ!»

«ለማጥፋት የክፍለ ከተማ ደብዳቤ ያስፈልጋል» አለ ዱሬሳ። «ሰርኩላሩን የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ረጋ ያለው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰነጠቀ። ሰውየው ከሰሚራ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀት መንጭቀው፣ እስክሪብቶ ጨምረው፣ መስኮቱ ላይ በጥፊ አሳረፉት። ስቴፕለሯ ሰንሰለቷን ይዛ ዘለለች። «ጻፍ! በማን ፈቃድ እንደጨመርክ፣ ለምን እንደጨመርክ፣ ማን እንደላከህ! ማብራሪያ በጽሑፍ፣ እዚሁ፣ ፊቴ! አክስትህን ልታስገባ እንደሆነም ጻፍ! ያለዚያ ነገ እዚህ በር እንዳትደርስ!»

እንዳለች ቀና ብላ ዱሬሳን አየችው፤ በዚህ ጊዜ ዓይኗን ወደ ስቴፕለሯ አልመለሰችም። ዱሬሳ ወረቀቱን አነሳ፣ ግራ ቀኙን አየ፣ ምንም እንዳልተጻፈበት አረጋገጠ፣ መልሶ ከነእስክሪብቶው በሁለት እጁ ለአቶ ወልደገብርኤል ሰጣቸው።

«አላብራራም» አለ።